ጤነኛ ኮርማ፣ የሚሞቱ ጥጃዎች

ጥያቄ፦ ብራህማን ከብቶች አረባለሁ። ሁለት ጥጃዎች በደህና እያደጉ ቆይተው አምስተኛ ወራቸው ላይ መክሳት ጀመሩ። ይንገዳገዳሉ፣ ከተኙ መነሳት ያቅታቸዋል። ዘጠነኛ ወራቸውን ሳይደፍኑ ሁለቱም ሞቱ። መኖም ክትባትም አልጎደለባቸውም። አባታቸው አንድ ነው፤ እናቶቻቸውም የዚያው ኮርማ ልጆች ናቸው። ምን ነካቸው?

መልስ፦ መጨረሻ ላይ ጣል ያደረጓት ነገር ናት ያሳሰበችኝ። ኮርማው የገዛ ልጆቹን ካስረገዘ፣ ተደብቆ የኖረ የዘር በሽታ ብቅ ይላል። በብራህማንና በሾርትሆርን ከብቶች ላይ የሚታወቅ አንድ አለ፤ በሰው ላይ ፖምፔ ይባላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሴል ውስጥ ላይሶሶም የሚባሉ ጥቃቅን ከረጢቶች አሉ። ያረጀውንና የተበላሸውን ሁሉ የሚፈጩ የሴሉ ሆድ በሏቸው። ግላይኮጅን የተባለውን የተከማቸ ስኳር የሚፈጨው ኢንዛይም ከጎደለ ስኳሩ እዚያው ይጠራቀማል። ከረጢቱ ያብጣል፣ የጡንቻውን ክሮች ይገፋል፣ አንዳንዴም ፈንድቶ ይዘቱ ሴሉን ይጎዳል። ሌላም ጣጣ አለ፤ ሆዱ ስለሞላ ያረጁ ማይቶኮንድሪያዎች (የሴሉ ጉልበት አመንጪዎች) የሚወገዱበት ያጣሉ፣ የሴሉ ጉልበትም ይደክማል። የልብ ጡንቻ ሴል እንደ ቆዳ ሴል በቀላሉ አይተካም። ስለዚህ ጉዳቱ እያደር ይከማቻል፣ ልቡም ሊያብጥና ሊደክም ይችላል።

ኮርማው ግን ጤነኛ ነው። ከሁለቱ የዘር ቅጂዎች አንዱ ደህና ከሆነ ይበቃዋል። ተሸካሚ (አንድ የተበላሸ ቅጂ የያዘ) ከተሸካሚ ሲገናኙ ነው ከ4 ጥጃ 1 የመታመም ዕድል የሚኖረው።

ቸኩለው ግን ኮርማውን ወደ ቄራ አይላኩት። የሴሊኒየምና የቫይታሚን ኢ እጥረትም ጥጃን ያደክማል፣ ልቡንም ይጎዳል። ያ ሲሆን አስከሬኑ ሲከፈት ጡንቻው ላይ ነጣ ያሉ መስመሮች ይታያሉ። በግምት ሴሊኒየም መውጋት ደግሞ አደጋ ነው፤ ሲበዛ ይመርዛል።

ለፖምፔ የከብት መድኃኒት የለም፣ የዘር ምርመራ ግን አለ። ከኮርማው ጭራ ፀጉር ከነሥሩ ተነቅሎ ይላካል። ተሸካሚ ሆኖ ከተገኘ ያርዱት ወይም ይሽጡት፤ ሲሸጡ ግን ለገዢው ይንገሩ። ላሞቹን በሙሉ ማስወገድ አያስፈልግም፤ ተመርምሮ ነጻ የሆነና ዝምድና የሌለው ኮርማ ያምጡላቸው። ሌላ ጥጃ ከሞተም የእንስሳት ሐኪም ልቡን ከፍቶ ናሙና ሳይወስድ አይቅበሩት።