ቢጫው ዝገት አይደለም፤ የአሸዋ ወረቀቱን አስቀምጠው

ከአሜሪካ አንድ አንባቢ እንዲህ ሲል ጽፎልኛል፦ «የባለቤቴ አያት ያወረሱን የጀርመን ሽጉጥ አለ። ወረቀቱ የተሟላ ነው። ማውዘር ነው ይሉኛል። አናቱ ላይ 1917 ይላል። ከነቆዳ አፎቱ ነው የማስቀምጠው። አንድ ጎኑ ዝጓል፤ ምላጩና ትንንሾቹ ክፍሎች ደግሞ ቢጫ ሆነዋል። በአሸዋ ወረቀት ፈትጌ አዲስ ላስመስለው?»

ወንድሜ፣ እጅህን ሰብስብ! ቢጫው ዝገት አይደለም። ምላጩና የካዝናው መልቀቂያ በእሳት ሙቀት ሲበስሉ ብረቱ ራሱ ያወጣው የገለባ ቀለም ነው። ከፈተግከው የፋብሪካው ሥራ አበቃለት። ሰብሳቢዎች መጀመሪያ የሚያዩትም እሱን ነው።

ማውዘርም አይደለም። ለእኛ ሰው የጀርመን መሣሪያ ሁሉ ማውዘር ነው። ፎቶው ላይ እንደ ጉልበት የሚታጠፍ ክፍል ይታያል፤ ይሄ ሉገር ነው፣ ፒ 08። እዚያው ክፍል ላይ የተጠላለፉት ፊደላት የበርሊኑ ዲ ደብሊው ኤም ፋብሪካ ምልክት ናቸው። ማውዘር የሉገርን ሥራ የተረከበው በ1930 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ጉልበቱን በ1893 ሽጉጥ ላይ ያዋለው ሁጎ ቦርቻርት ነበር። የሱ ሽጉጥ ይሠራል፤ ግን ሞላው ከኋላ በትልቅ ጉብታ ውስጥ ስለነበር ለእጅ አይመችም። ኦስትሪያዊው ጌዮርግ ሉገር ሞላውን እጀታው ውስጥ ከተተውና ነገሩ ተስተካከለ። ስዊዘርላንድ በ1900፣ የጀርመን ባሕር ኃይል በ1904፣ ምድር ጦሩ በ1908 ተቀበሉት። 08 የመጣው ከዚያ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ካዝናውን አውጣ፣ ጉልበቱን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳበው፣ ውስጡን በዓይንህ እይ፣ በጣትህም ዳስስ። ጥይት ሲጎርስ «ጌላደን» የሚል ጽሑፍ ብቅ ይላል፤ ጎርሷል ማለት ነው። ጽሑፉ አልታየም ብለህ ግን አትመን። ሉገር አንድ ክፉ ጠባይ አለው፤ በርሜሉ ከእጀታው ተለይቶ ወጥቶም ጥይት ከጎረሰ ሊተኩስ ይችላል።

ዝገቱ ላይ ቀጭን የጠመንጃ ዘይት ቀብተህ አሳድረው። በማግስቱ ከ1982 በፊት በተሠራ የአሜሪካ አንድ ሳንቲም ቀስ እያልክ እሸው። መዳብ ከብረት ይለሰልሳል፤ ቡናማውን ቅርፊት አንስቶ ጥቁሩን ቀለም ይተውልሃል። በጨርቅ ጥረግና ድገመው። ሁለት ሦስት ቀን ሊፈጅ ይችላል፣ አትቸኩል። ቢጫዎቹን ዘይት በነካ ጨርቅ ብቻ ዳበስ አድርጋቸው። ሽጉጡን አዲስ ቀለም ማስቀባቱንም እርሳው።

ያዘገተብህ አፎቱ ነው። ቆዳ እርጥበት ይይዛል፤ ሽጉጡንና አፎቱን ለየብቻ አስቀምጥ።

መተኮሱን አልመክርህም። በትንንሾቹ ክፍሎች ላይ የተመታው የሽጉጡ መለያ ቁጥር የመጨረሻ ሁለት አሃዝ ነው። አንዱ ቢሰበር መለዋወጫ ታገኛለህ፤ ቁጥሩ ግን የሌላ ሽጉጥ ስለሚሆን በሰብሳቢ ዓይን ይወርዳል።