ንድፍ በመሳቢያ ውስጥ አይበላሽም

ውድ ልጆቼ፣

ከ30 ዓመት በላይ በሕንፃ መሐንዲስነት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ወጣቶች ሲያገኙኝ «ዓላማዬን እንዴት ላግኝ?» ይሉኛል። እኔ ደግሞ መልሼ «ለእርሱ ስትሉ ምን ትታችኋል?» ስላቸው ቅር ይላቸዋል። እርጅና ሰውን ነገረኛ ያደርገዋል፤ ይቅር በሉኝ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ቆራጥነት ነው።

ንድፍ ለዓመታት መሳቢያ ውስጥ ቢቀመጥ አይበላሽም። ይሰረዛል፣ ይደለዛል፣ እንደገና ይሳላል። ሲሚንቶ ከውሃ ጋር ከተገናኘ በኋላ ግን ቀልድ የለም። ቅልቅሉ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ መጠንከር ስለሚጀምር ካሳፎርማው (ቅልቅሉ የሚፈስበት ቅርጽ ማውጫ) ሳይቆም፣ ፌሮው (ብረቱ) ሳይታሰር ያቀላቀለ ሰው ሲሚንቶውን ደፋው ማለት ነው። ስለዚህ ቆራጥነት ስል ችኮላ ማለቴ እንዳይመስላችሁ።

እኔ ግን በራሴ ሕይወት ለረጅም ጊዜ የመሳቢያ ሰው ነበርኩ። ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር ካሰብኩበት ቀን እስከ ተመዘገብኩበት ቀን 9 ዓመት አለፈ። ያላወራሁለት ሰው አልነበረም። ሰው «ጎበዝ!» ባለኝ ቁጥር ግማሹን የተማርኩ ያህል ስለሚሰማኝ፣ ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ እገባና እተኛለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ መማር የፈለግሁት እኩዮቼ ስለ ተማሩ ነበር። እንዲህ ያለው ምክንያት ለወሬ ይበቃል እንጂ ከሥራ መልስ ደክሞት የመጣን ሰው ከአልጋው አያስነሣም።

አንድ ቀን ከእኔ በኋላ የተቀጠረ ልጅ እኔ ያቃተኝን ስሌት ሲሠራ አየሁ። አፈርኩ። ከዚያ ወዲያ ስለ ዲግሪው ማሰብ ተውኩና ያንን ስሌት ማወቅ ፈለግሁ። በዚያው ሳምንት ማታ ማታ እሠራው የነበረውን የትርፍ ሰዓት ሥራ ለቅቄ ተመዘገብኩ። ለእኔ ውሳኔው ሥራውን መልቀቄ ነው፤ ምዝገባው የወረቀት ጉዳይ ነበር። ለ9 ዓመት ለመማር ዝግጁ ነበርኩ፤ ለመተው ግን አልነበርኩም።

ቀሪው ቀንና ሰዓት መቁረጥ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፒተር ጎልዊትዘር ከባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት፣ ተማሪዎች የገናን ዋዜማ እንዴት እንዳሳለፉ በሁለት ቀን ውስጥ ጽፈው እንዲልኩ ተጠይቀው ነበር። የትና መቼ እንደሚጽፉ አስቀድመው ከወሰኑት ውስጥ ሦስት አራተኛ ያህሉ በጊዜው ሲጽፉ፣ ካልወሰኑት የጻፉት ግን አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ናቸው። ሥራው ለሁሉም አንድ ነበር። ስለዚህ «በዚህ ዓመት አነባለሁ» ከምትሉ «ማታ 2 ሰዓት ላይ፣ በዚያ ወንበር» በሉ።

ከጀመራችሁ በኋላ ደግሞ በየቀኑ እየቆፈራችሁ «በቀለ ወይ?» አትበሉ። የኮንክሪትን ጥንካሬ አብዛኛውን ጊዜ የምንፈትነው በ28ኛው ቀን ነው። እስከዚያ፣ በተለይ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ውሃ እናጠጣዋለን። ይህ የሚያሰለች ሥራ ነው፤ ማንም ፎቶግራፍ አያነሣውም።

እዚህ ላይ ላቁም። ስለ ሥራ ዘመኔ ማስታወሻ ልጽፍ ካሰብኩ 6 ዓመት ሆኖኛል፤ አዎ፣ እኔው መካሪያችሁ። ከትናንት ጀምሮ የጠዋቱን የሬዲዮ ፕሮግራም ትቻለሁ። ነገ 1 ሰዓት ላይ ጠረጴዛዬ ጋ ነኝ።