ፌኖል በባክቴሪያ ገንዳ ውስጥ የማይፈርሰው ለምንድን ነው?

ጠያቂያችን በኮምፔርሳቶ ፋብሪካ ውስጥ እንደሚሠሩ፣ ከሙጫ ማብሰያው እጥበት የሚወጣው ፍሳሽ ፌኖል እንዳለበት፣ አየር የሚነፋበት የባክቴሪያ ገንዳ ቢኖራቸውም የፌኖሉ መጠን ለሳምንታት አልወርድ እንዳላቸው ገልጸው ሁለት ነገር ጠይቀዋል፦ «ፌኖል በባክቴሪያ ይፈርሳል ከተባለ የእኛ ለምን አይፈርስም? ከመልቀቃችን በፊት ክሎሪን ብንጨምርበትስ?» በፍሳሽ ማጣሪያና በውኃ ቤተ ሙከራ ለዓመታት ስለሠራሁ ነገሩን በቅርብ አውቀዋለሁ። ሁለተኛውን አስቀድሜ ልመልስ፤ እባክዎ ክሎሪን አይጨምሩ። ምክንያቱን ዝቅ ብዬ አስረዳለሁ።

ፌኖል በቤንዜን ቀለበት ላይ አንድ የሃይድሮክሲል ቡድን (የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥንድ) የተያያዘበት ውህድ ነው። ንጹሑ ነጭ ክሪስታል ሆኖ በ41 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይቀልጣል፤ በ20 ዲግሪ አንድ ሊትር ውኃ ከ80 ግራም በላይ ያሟሟዋል። እ.ኤ.አ. በ1834 ጀርመናዊው ኬሚስት ፍሪድሊብ ፈርዲናንድ ሩንገ የለየው ከድንጋይ ከሰል ሬንጅ ነበር። ዛሬ አብዛኛው የዓለም ምርት የሚገኘው ግን በኪዩሚን መንገድ ነው፤ ቤንዜንና ፕሮፒሊን ተዋህደው ኪዩሚን ይሆናሉ፣ ኪዩሚኑ በአየር ኦክስጅን ወደ ሃይድሮፐርኦክሳይድ ይለወጣል፣ ያም በአሲድ ሲሰነጠቅ ፌኖልና አሴቶን ይሰጣል። ለአንድ ቶን ፌኖል 0.6 ቶን ያህል አሴቶን አብሮ ይወጣል። እናንተ ጋ ደርሶ ከፎርማልዴሃይድ ጋር በኮስቲክ ሶዳ ውስጥ ሲበስል ውኃ የማይበግረው ሙጫ ይሆናል፤ ሳይዋሃድ የቀረው ፌኖልም ፎርማልዴሃይድም ታዲያ ከእጥበቱ ውኃ ጋር ይወጣል።

ፌኖልን የሚመገቡ ባክቴሪያዎች፣ ለምሳሌ ሱዶሞናስ ፑቲዳ፣ በአፈርም በወንዝም ይገኛሉ። መጀመሪያ ሁለተኛ ሃይድሮክሲል ጨምረው ካቴኮል ያደርጉታል፤ ከዚያም ቀለበቱን ሰንጥቀው ቁርጥራጩን እንደ ሌላው ምግባቸው ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውኃ ያደርሱታል። ሃይድሮክሲሉን መጨመሩም ቀለበቱን መሰንጠቁም የኦክስጅን ሞለኪውልን በቀጥታ የሚፈልጉ ሥራዎች ናቸው። ያለ አየር በሌላ መንገድ የሚያፈርሱት ባክቴሪያዎችም አሉ፤ እነሱ ግን በጣም አዝጋሚ ናቸው። አንድ ግራም ፌኖል እስከ መጨረሻው እንዲፈርስ 2.4 ግራም ያህል ኦክስጅን ስለሚጠይቅ፣ የተሟሟ ኦክስጅንን ነፋሹ አጠገብ ብቻ ሳይሆን በገንዳው ጥግና ወለሉ አካባቢም ይለኩ። እኔ ከ2 ሚሊ ግራም በሊትር በታች ሳገኝ ሌላ ምክንያት ከመፈለጌ በፊት አየሩን አስተካክላለሁ።

ሆኖም ከነገሩኝ ተነሥቼ ሳስበው የእርስዎ ዋና ችግር አየር አይመስለኝም። ፌኖል ለእነዚህ ባክቴሪያዎች ምግብም መርዝም ነው፤ መጠኑ ዝቅ ሲል ይበሉታል፣ ከፍ ሲል የመብላት ፍጥነታቸው ይወድቃል፣ ካልበሉት ደግሞ ገንዳው ውስጥ እየተጠራቀመ ይበልጥ ያዳክማቸዋል። የማብሰያው እጥበት በአንድ ጊዜ ተለቅቆ በቀጥታ ገንዳው ውስጥ ከገባ የሚሆነው ይኸው ነው። ፎርማልዴሃይዱ በራሱ ጀርም ገዳይ ነው፤ ኮስቲክ ሶዳውም ፒኤቹን (የአሲድነትና የአልካላይነት መለኪያውን) ከ10 በላይ ሊያወጣው ይችላል። ፌኖልን በደንብ የለመደ ዝቃጭ (በገንዳው ውስጥ ያለው የባክቴሪያ ክምችት) በሊትር ብዙ መቶ ሚሊ ግራም ፌኖል ሲያስተናግድ አይቻለሁ፤ እዚያ የደረሰው ግን በትንሽ በትንሹ እየተጨመረለት ነው።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት የመጀመሪያውን እጥበት አታፍስሱት። በጥቂት ውኃ አጥባችሁ ያን ወፍራም ውኃ ለብቻው ብታስቀምጡትና ለቀጣዩ የሙጫ ቅልቅል ብትጠቀሙበት፣ አብዛኛው ፌኖል ወደ ገንዳው ሳይደርስ ይቀራል፤ ለኬሚካሉ የተከፈለው ገንዘብም አይባክንም። የሚቀረውን ቀጭን እጥበት በማጠራቀሚያ ታንከር ይዛችሁ፣ ፒኤቹን ከ7 እስከ 8 አድርሳችሁ፣ ሌሊትና ቀን እኩል በሚፈስ ቀጭን መስመር ወደ ገንዳው ልቀቁት። የሙጫ ፍሳሽ ካርቦን እንጂ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ እምብዛም ስለሌለው ዩሪያና ዳፕ መጨመር የግድ ይላል፤ የተለመደው መነሻ ለ100 የባዮኬሚካል ኦክስጅን ፍላጎት (ባክቴሪያዎች ቆሻሻውን ለማፍረስ የሚፈልጉት ኦክስጅን) 5 ናይትሮጅንና 1 ፎስፈረስ ነው። ይህን ሳያሟሉ ከሌላ ማጣሪያ ዝቃጭ ማስመጣት ድካም ብቻ ነው።

ናሙናው በመስታወት ጠርሙስ ተወስዶ ወዲያውኑ በሰልፈሪክ አሲድ ፒኤቹ ከ2 በታች መውረድና በቅዝቃዜ መጓዝ አለበት፤ አለበለዚያ ባክቴሪያዎቹ ጠርሙሱ ውስጥ መብላታቸውን ይቀጥሉና ቤተ ሙከራው ከእውነታው ያነሰ ቁጥር ይሰጥዎታል። ፌኖልን ለመለካት በብዙ ቦታ የሚሠራበት የ4 አሚኖአንቲፓይሪን ዘዴም እንደ ፓራ ክሪዞል ያሉትን የፌኖል ዘመዶች ስለማያይ፣ የኬሚካል ኦክስጅን ፍላጎትን (ቆሻሻውን በኬሚካል ለማቃጠል የሚያስፈልገውን ኦክስጅን) አብረው ያስለኩ። ናሙና የሚወስደው ሠራተኛ ጓንትና መነጽር ያድርግ፤ የተከማቸ ፌኖል ቆዳን ስለሚያደነዝዝ ሰው መቃጠሉን ቶሎ ሳያውቅ መርዙ በቆዳው በኩል ወደ ደሙ ይገባል።

አሁን ወደ ክሎሪኑ ልመለስ። ክሎሪን ከፌኖል ጋር ሲገናኝ በቀላሉ ቀለበቱ ላይ እየተተካ ክሎሮፌኖሎችን ይፈጥራል። ከእነዚህ አንዱ የሆነው 2 ክሎሮፌኖል በሊትር 0.1 ማይክሮ ግራም ሲሆን እንኳ የውኃን ጣዕም እንደሚያበላሽ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1991 በደቡብ ኮርያ ከጉሚ ከተማ የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ 30 ቶን ያህል ፌኖል አፈትልኮ ናክዶንግ ወንዝ ሲገባ፣ የዴጉ ነዋሪዎች የቧንቧ ውኃ በከባድ ሽታ የተበከለው ማጣሪያው ላይ ከተጨመረው ክሎሪን ጋር በመዋሃዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 1984 በብሪታንያ የዲ ወንዝ በፌኖል ሲበከልም 2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች የሚጠጡት ውኃ ተነክቷል። ክሎሪኑ በበዛ ቁጥር ውህዱ ለባክቴሪያ ይበልጥ አስቸጋሪ ይሆናል፤ አምስት ክሎሪን ያለው ፔንታክሎሮፌኖል፣ በእናንተው ዘርፍ እንጨት ከተባይ ለመጠበቅ ይቀባ የነበረው፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በስቶክሆልም ስምምነት ዝርዝር ውስጥ የገባው አካባቢ ላይ ስለሚቆይና በሕይወት ባላቸው ውስጥ ስለሚከማች ነው። በቀላሉ ሊፈርስ የሚችለውን ፌኖል ወደዚያ አቅጣጫ መግፋት ከእናንተ በታች ወንዙን ለሚጠጡ ሰዎችና ከብቶች የባሰ ነገር መላክ ይሆናል። ከባክቴሪያው ገንዳ በኋላ የሚቀር ጥቂት ፌኖል ካለ አክቲቬትድ ካርቦን ይጠቀሙ፤ በገለልተኛ ፒኤች ፌኖል ወደ አዮኖች ስለማይከፋፈል ካርቦኑ በደንብ ይይዘዋል።

ወደ ገንዳው የሚገባውን የፎርማልዴሃይድ መጠን፣ የገንዳውን ፒኤችና በጥጉ የተለካውን የተሟሟ ኦክስጅን እዚሁ ቢጽፉልን ከየት መጀመር እንዳለብዎ በትክክል ልንነግርዎ እንችላለን።