«የወንድ ተፈጥሮ ነው» የሚል ባል

ጥያቄ፦ የምንኖረው ጎንደር፣ ማራኪ ነው። የ19 ዓመት ታናሽ እህቴን ከሦስት ሳምንት በፊት የባለቤቴ የአጎት ልጅ አስገድዶ ደፈራት። አሁን ሽማግሌ ሊልኩ እየተመካከሩ ነው። ባለቤቴ የተማረ ሰው ነው፤ «ልክ አደረገ አልልም፤ ግን ወንድ በዝግመተ ለውጥ እንዲህ ሆኖ የመጣ ፍጡር ነው፤ ሳይንስ ያረጋገጠው ነው» ይለኛል። ከዚያ ወዲህ አብሬው መተኛት አቃተኝ። እውነቱን ነው?

መልስ፦ አይደለም። ግን የእህትዎ ጉዳይ ይቅደም። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው የ28 ቀን መድኃኒት በ72 ሰዓት፣ ድንገተኛው የእርግዝና መከላከያ ደግሞ በ120 ሰዓት ውስጥ መጀመር ስላለባቸው ሁለቱም አልፈዋል። የእርግዝና ምርመራ ግን ልክ አሁን አስተማማኝ ነው። የኤች አይ ቪ ምርመራ ዛሬ፣ በ6ኛው ሳምንትና በ3ኛው ወር ይደረግላት። አርግዛ ከተገኘችና ማቋረጥ ከፈለገች፣ ሕጉ ተደፍሬ ነው ማለቷን ብቻ በቂ ያደርገዋል፤ የፍርድ ቤት ውሳኔ አይጠበቅም። የዚያን ቀን ልብሷ ካልታጠበ በወረቀት ጠቅልሉት። ፌስታል እርጥበት ይዞ ማስረጃውን ያበላሸዋል።

ወደ ባለቤትዎ ሐሳብ እንምጣ። ነገሩ የገነነው ራንዲ ቶርንሂልና ክሬግ ፓልመር የተባሉ አሜሪካውያን በ2000 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ነው። የሚገርመው ሁለቱ እርስ በርሳቸው እንኳ አልተስማሙም፦ አንዱ መድፈር ዘር ለማብዛት የተቀረጸ ስልት ነው ወደሚለው ሲያደላ፣ ሌላው የሌላ ባሕርይ ተረፈ ውጤት ነው ይላል። ቶርንሂል ያጠናው ጅራቱ እንደ ጊንጥ የሚቆለመም ነፍሳት ነበር። ወንዱ ሴቷን ክንፏን ጨምድዶ የሚይዝበት መቆንጠጫ ጀርባው ላይ አለው። ሰው እንዲህ ያለ አካል የለውም። ደግሞስ ዓላማው መውለድ ከሆነ ሕፃናት፣ አሮጊቶችና ወንዶች ለምን ይደፈራሉ? በፓራጓይ በአደን ይኖሩ የነበሩትን የአቼ ሕዝቦች ያጠኑ ተመራማሪዎች የ25 ዓመት ወጣት በመድፈር የሚያገኘውን የመራባት ጥቅምና የሚደርስበትን ጉዳት (የዘመዶቿ በቀል፣ ከማኅበረሰቡ መገለል) አስልተው፣ ጉዳቱ ከጥቅሙ 10 ጊዜ ያህል በልጦ አግኝተውታል። ሁለቱ ጸሐፊዎችም ቢሆኑ «ተፈጥሯዊ ማለት ትክክል ማለት አይደለም» ብለው ጽፈዋል። ባለቤትዎ የተዋሰው ሐሳቡን ነው፤ ማስጠንቀቂያውን እዚያው ትቶታል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ንድፈ ሐሳቡ ወደ ቤትዎ የገባበት ጊዜ ነው። ድርጊቱን የፈጸመው ዘመድ ሲሆን ነው የመጣው። ያ ሰው አራዳ ገበያ መሃል አልሞከረም፤ ሰው የሌለበትን ሰዓት መርጧል። መራጭ ሰው ደግሞ መተውም ይችላል።

ስለ ነፍሳት አይከራከሩ። ልጆች ከተኙ በኋላ፣ የእሱ ቤተሰብ በሌለበት፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁት፦ «ያደረገው የማታውቀው ሰው ቢሆን ይህን ትለኝ ነበር?» ከዚያ ዝም ይበሉ። ዝምታው ከብዶዎት እርስዎ ከሞሉለት ከመመለስ ያመልጣል። «ቤተሰብ ልትበትኚ ነው» ካለ ቤተሰብን ማን እንደጎዳ ያስታውሱትና ወደ ጥያቄው ይመልሱት። ከዚያ የሚታይ ነገር ይጠይቁ፦ ከሽማግሌዎቹ ጋር እንዳይቀመጥ፣ እህትዎን «ተይው» እንዳይላት፣ ሰውየው ደጃችሁን እንዳይረግጥ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 620 ለድርጊቱ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይደነግጋል፤ ሽማግሌ ያስታርቀው ዘንድ የተተወ ጉዳይ እንዳልሆነ ይንገሩት።

አብሮ ስለመተኛቱ፦ አይጠበቅብዎትም። ግን ምክንያቱን ሳይነግሩት ፊትዎን ካዞሩ ኩርፊያ ይመስለዋል፤ «አስገድዶ ለደፈረ ሰው ስትከላከል አንተንም ፈራሁ» ይበሉት። ሦስቱን ነገር እምቢ ካለ፣ እህትዎ ለፖሊስ ቃሏን እስክትሰጥ ድረስ ከእሷ ጋር እናንተ ዘንድ ሳይሆን በራስዎ ወገን ቤት ይሰንብቱ።