በስርቆት የተከሰሰ ሰው ምን ያድርግ? ጥያቄያችሁን ወዲህ በሉ

ሰላም ለሁላችሁ። አራዳና ልደታ ምድብ ችሎት ስመላለስ አመታት ያለፉኝ የወንጀል ጠበቃ ነኝ፣ አብዛኛው ደንበኛዬ በስርቆት ወይም ቤት ሰብሮ በመግባት የተከሰሰ ነው። ችሎት እስኪሰየም እየጠበኩ ስለምመልስ ፊደል ብገድፍ ይቅርታ።

ጥያቄ፦ ወንድሜን ፒያሳ በሞባይል ስርቆት ጠርጥረው ያዙት፣ ዛሬ 4ኛ ቀኑ ነው ፍርድ ቤት አላቀረቡትም። ልክ ነው?

መልስ፦ አይደለም እህቴ። ህገ መንግስቱ አንቀፅ 19 ላይ 48 ሰአት ይላል፣ የመንገዱ ጊዜ አይቆጠርም ግን ከፒያሳ አራዳ ችሎት ስንት ቀን ያስኬዳል ሊሉ ነው 😅 አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ (ያላግባብ የታሰረ ሰው ይለቀቅ የሚል) ፍርድ ቤት አስገቡ። ወንድምሽ ሲቀርብ ፖሊስ ጊዜ ቀጠሮ (ምርመራዬን ልጨርስ ብሎ ተጨማሪ ቀን) ይጠይቃል፣ በአንዴ ከ14 ቀን በላይ አይሰጠውም፣ እናንተም እዛው ዋስትና ጠይቁ። ይጠፋል፣ ምስክር ያባብላል እንዳይባል መታወቂያውንና የስራ ደብዳቤውን ይዛችሁ ሂዱ።

ጥያቄ፦ መርማሪው "እመንና ቶሎ ትወጣለህ" እያለኝ ነው፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ይቺን ነገር ስንቴ ሰማኋት ወንድሜ። ዝም የማለት መብት አለህ፣ ቃል ከሰጠህም ሳታነብ እንዳትፈርም። አንድ ጋራዥ የሚሰራ ልጅ ደንበኛ ነበረኝ፣ አለቃው የ2 ወር ደሞዝ ሲከለክለው የመፍቻ ሳጥኑን አንስቶ ቤቱ ወሰደው፣ ደሞዜን ስትሰጠኝ እመልስልሃለሁ ብሎ ቴክስትም ልኮለታል። ጣቢያ "ወስጃለሁ" አለ፣ ወረቀቱ ላይ ግን "ሰርቄያለሁ" ተብሎ ተፃፈ፣ ልጁም ደክሞት ስለነበር ሳያነብ ፈረመ። በወንጀል ህጉ አንቀፅ 665 ስርቆት ለመባል የማይገባ ብልፅግና (ያላግባብ ጥቅም) ለማግኘት ማሰብ አለበት፣ የሱ ድርጊት ሌላ ጥፋት ሊሆን ይችላል እንጂ ሌብነት አይደለም ብዬ ስንት ቀጠሮ የተከራከርኩት በዛች አንድ ቃል ምክንያት ነው፣ ያቺ ቴክስት ባትኖር ምን እንደምል እንጃ። ያ እንግዲህ በወንጀለኛ መቅጫ ስነ ስርአት ህጉ አንቀፅ 27 ለፖሊስ የሚሰጠው ቃል ነው፣ በዚሁ ህግ አንቀፅ 35 ፍርድ ቤት ቀርበህ ካመንክ ደግሞ ኋላ ተገድጄ ነው ብትል ለማስረዳት መከራህን ታያለህ።

ጥያቄ፦ ቤት ሰብሮ ገባ ተብሎ በወንጀል ህጉ አንቀፅ 669 (ከባድ ስርቆት) የተከሰሰ ዘመድ አለኝ፣ ምስክሩ በሌሊት አየሁት ይላል። ተስፋ አለው?

መልስ፦ በ669 ከ1 እስከ 15 አመት ነው፣ ተራው ስርቆት ግን ቢበዛ 5፣ ስለዚህ መጀመሪያ መሰበሩን ራሱ ማን አረጋገጠ በሉ፣ ቁልፉ ፎቶ ተነስቷል? የሌሊት ምስክርን ደግሞ እኔ የምጠይቀው ስለ መብራት ነው። አንዱ "ከበረንዳዬ አየሁት" አለ፣ መብራት ነበር ወይ ስለው "ኧረ ሰፈሩ በሙሉ ጠፍቶ ነበር" ብሎ አረፈው። በምን ለየኸው? በጃኬቱ። ጥቁር ጃኬት፣ በጨለማ!

ጥያቄ፦ እቃውን መልሰን ከባለቤቱ ጋር ብንታረቅ ክሱ ይቋረጣል?

መልስ፦ ከሳሹ አቃቤ ህግ ስለሆነ በእርቅ ብቻ አይቀርም፣ ቅጣት ማቅለያ ግን ይሆናል። በፅሁፍ አድርጉት፣ ደላላ ሽማግሌ አትመኑ።

ጥያቄ፦ ለጠበቃ የሚሆን ብር የለንም።

መልስ፦ ችሎቱ ላይ ተከላካይ ጠበቃ ይመደብልኝ ይበል፣ በነፃ ነው። እነሱ ፋይል ስለሚበዛባቸው ግን የምስክሮቹን ስምና ቴክስት ካለ ስክሪንሾቱን እናንተው አዘጋጅታችሁ ስጧቸው።