መልስ፦ 43 ኢንች ቲቪ የጭቃ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል ወይ?

ወንድሜ፣ ይሰቀላል። ግን የሚሸከመው ጭቃው ሳይሆን እንጨቱ ነው። ጂማ ውስጥ ከላይ በሲሚንቶ ተለስኖ ብሎኬት የሚመስል የጭቃ ቤት ሞልቷል። እዚያ ላይ ፊሸር (ብሎን የሚይዘው የፕላስቲክ መሰኪያ) ብትመታ ቀዳዳው ይፈረፈርና ቲቪህ ዱብ ይላል።

ግድግዳውን አንኳኳና ድምፁ ደፈን ያለበትን በቀጭን ሚስማር ሞክር። ጭቃ ከሆነ ሚስማሩ ዝም ብሎ ይገባል፤ ግድግዳው ውስጥ ያለው ቋሚ እንጨት ላይ ካረፈ ይታገልሃል። ሁለት ቋሚ ስታገኝ ምስጥ ያልነካው ወፍራም ጣውላ በረጅም የእንጨት ብሎን አግድም እሰርባቸው። ብራኬቱ (ቲቪውን የሚይዘው ብረት) ጣውላው ላይ ይታሰር። ውሃ ልክ አትርሳ።

ብራኬት ከመግዛትህ በፊት ከቲቪው ጀርባ ያሉትን አራት ቀዳዳዎች ርቀት ለካ፤ ሻጩ «ለሁሉም ይሆናል» ቢልህም። ደግሞ ዝናብ የሚመታውን የውጭ ግድግዳ ተወው፣ የጂማን ክረምት ታውቀዋለህ።