ፕሮፔለሩን ልቀይር ወይስ ላስጠግን ላልከው

ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት እንኳን አንተም ተሳፋሪዎችህም በደህና ወጣችሁ።

ጥያቄውን ላላየ ሰው ባጭሩ ልድገመው። የጀልባህ ሞተር ባለ 40 ፈረስ ጉልበት ያማሃ ነው። ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር ስትመለስ ፕሮፔለሩ ድንጋይ ነካ። ከሦስቱ ክንፎች የአንዱ ጫፍ ታጠፈ። ሌላው የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ተቆረሰ። ሞተሩ ይሠራል፣ ግን ይንቀጠቀጣል። መካኒኩ "አቃንተን እንበይደዋለን" ብሎሃል። አንተ ደግሞ አዲስ ልግዛ ወይ እያልክ ነው።

አዲስ ግዛ። ግን ብሩን ከማውጣትህ በፊት ፕሮፔለሩ የሚታሰርበትን ዘንግ፣ ሻፍቱን፣ እይ። የካምቢዮውንም፣ ማለትም ከሞተሩ ግርጌ ሻፍቱን የሚያዞሩት ጥርሶች ያሉበትን ክፍል፣ ዘይት እይ። ሻፍቱ ከታጠፈ አዲሱም ፕሮፔለር እንደ አሮጌው ይንቀጠቀጣል፣ ገንዘብህን በከንቱ አወጣህ ማለት ነው።

ይህን የምልህ ደርሶብኝ ነው። ጣና ግንቦት ላይ ምን ያህል እንደሚጎድል ታውቃለህ። መስከረም ላይ በአናቱ ያለፍከው ድንጋይ ክረምት ሊገባ ሲል ፕሮፔለር ይበላል። እኔም ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት አካባቢ ነበር የነካሁት። አንድ ክንፍ ታጠፈ። ወስጄ በመዶሻ አስቃናሁት። በዓይን ሲታይ ምንም የለውም። ጀልባው ይሄዳል፣ ተሳፋሪ ይጭናል፣ ምን ጎደለኝ አልኩ። ግማሽ ጋዝ ላይ ብቻ እጀታው እጄን ያደነዝዘው ነበር። ለመድኩት።

ጥቅምት ላይ ዘጠኝ ሰው ጭኜ ወደ ዘጌ እየሄድኩ ነው። ከሰዓት በኋላ ነበር፣ ነፋሱ ተነስቷል። ከታች ቋ የሚል ድምፅ ሰማሁና ሞተሩ ቀጥ አለ። ቢጎተት አይነሳም። ጀልባው ጎኑን ለማዕበሉ ሰጠ። አንዲት እናት ሕፃን በነጠላ ጠቅልለው ይዘው ነበር። "ልጄ፣ እንደርሳለን?" አሉኝ። ያን ድምፅ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ከአንድ ሰዓት በላይ ተንገላተን ሌላ ጀልባ በገመድ ጎትቶ አወጣን።

ካምቢዮው ሲከፈት የወጣው ዘይት አልነበረም፣ ማኪያቶ ነው የሚመስለው። መንቀጥቀጡ ፓራኦሊዮውን፣ ማለትም ውሃ ወደ ዘይቱ እንዳይገባ የሚዘጋውን የጎማ ቀለበት፣ ቀስ በቀስ በልቶት ውሃ ገብቷል። ኩሽኔታው ዝጎ፣ ጥርሱ ተሰባብሯል። አንድ ፕሮፔለር ሰስቼ ሙሉ ካምቢዮ ገዛሁ።

ስለዚህ አሁኑኑ እንዲህ አድርግ። ቁልፉን አጥፋ፣ የካንዴላዎቹን ገመድ ንቀል። ይህን አትዝለል፣ ሞተሩ ሳታስበው ቢነሳ ጣትህን ይወስዳል። ዳዶው እንዳይፈታ የሚይዘውን የሚታጠፍ ሽቦ፣ ኮፒሊያውን፣ አውጣ። ከክንፉና ከላይ ካለው ጠፍጣፋ ብረት መካከል ቁራጭ እንጨት አስገብተህ ዳዶውን ፍታ። ሮንዴላዎቹ በምን ቅደም ተከተል እንደወጡ በስልክህ ፎቶ አንሳ። በተለይ በፕሮፔለሩና በካምቢዮው መካከል ያለው ወፍራሙ ሮንዴላ ሳይመለስ ከቀረ ፕሮፔለሩ ካምቢዮውን እየፋቀ ነው የሚሄደው።

ከዚያ ሻፍቱ ሥር እይ። የዓሣ መረብ ክር ተጠምጥሞ ታገኝ ይሆናል። ያ ቀጭን ናይለን ክር ከድንጋይ የከፋ ነው። ሲሽከረከር ይሞቅና ፓራኦሊዮውን እንደ ምላጭ ይቆርጠዋል። እኔ ባልነካም በየወሩ ፕሮፔለሩን ፈትቼ አያለሁ። እምቦጭ ውስጥ የሚገባ ሰውማ ቶሎ ቶሎ ቢያየው ይሻለዋል።

ሻፍቱን ለመፈተሽ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ማርሹን ገለልተኛ ላይ አድርግ። አንድ ምስማር እንጨት ላይ ምታና ጫፉ የሻፍቱን ጫፍ ሊነካ ትንሽ ሲቀረው አቁመው። ሻፍቱን በእጅህ ቀስ ብለህ አዙር። በምስማሩና በሻፍቱ መካከል ያለው ክፍተት ዙሩን ሙሉ እኩል ከሆነ ደህና ነው። አንዴ ከጠበበ አንዴ ከሰፋ ሻፍቱ ታጥፏል። ያኔ ነገሩ የፕሮፔለር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ታጥፎ የነበረን ሻፍት አቃንቶ መልሶ ማሰርን እኔ አልመክርም፣ ቀይረው።

ዘይቱን ደግሞ ሞተሩ ቀጥ ብሎ ካደረ በኋላ ጠዋት እየው። ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ሌሊቱን ወደ ታች ይወርዳል። የታችኛውን ቡሎን በትንሹ ስታላላ መጀመሪያ የሚንጠባጠበውን በንጹህ ብርጭቆ ተቀበል። ውሃ ከቀደመ፣ ወይም ዘይቱ ነጭ ከሆነ ፓራኦሊዮው ሄዷል። ቡሎኑ ማግኔት ያለው ከሆነ ጫፉን በጣትህ እሸው። እንደ ጥቁር ቅባት የላመ ብናኝ ያለና የሚጠበቅ ነው። ስብርባሪ ብረት ካገኘህ ግን ጥርሱ ተነክቷል፣ ተሳፋሪ እንዳትጭን። ዘይት ስትመልስ ከታች ወደ ላይ ሙላው፣ በላይኛው ቀዳዳ እስኪፈስ ድረስ። መጀመሪያ የላይኛውን ዝጋ፣ ከዚያ የታችኛውን። ከላይ ከሞላኸው አየር ይቀርበታል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ፕሮፔለሩ መሐሉ ላይ ጎማ አለው። ድንጋይ ሲነካ ጎማው ተንሸራቶ ጥርሱን እንዲያድን ነው የተሠራው። አንዴ ከተንሸራተተ ግን ጋዝ ስትሰጥ ሞተሩ ይጮኻል፣ ጀልባው አይሄድም። ከውስጠኛው ብረት እስከ ውጨኛው ድረስ በቀለም አንድ ቀጥ ያለ መስመር አስምርና ትንሽ ነድተህ ተመለስ። መስመሩ ከተሰበረ ጎማው አልቆለታል። ያኔ ክንፉ ምንም ባይሆን እንኳ በዚያ ፕሮፔለር ሰው አትጭንም።

አሁን ወደ ብየዳው ልምጣ። መካኒክህ ክፉ አስቦ አይደለም፣ ወጪ ሊቀንስልህ ነው። ግን ፕሮፔለርህ አሉሚኒየም ነው። በቀዝቃዛው ሲደበደብ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ያበጃል። ሲበየድ ደግሞ በብየዳው ዙሪያ ያለው ብረት ጥንካሬውን ያጣል። ከዚህ በላይ ደግሞ ሦስቱ ክንፎች ክብደታቸውም አቀማመጣቸውም እኩል መሆን አለበት። በዓይን የሚገመት ነገር አይደለም። ክንፍ ለክንፍ የሚለካበትና ሚዛን የሚያስጠብቅበት መሣሪያ ያለው ባለሙያ ካገኘህ ሌላ ጉዳይ ነው፣ አስጠግን። በመዶሻና በግምት ከሆነ ግን ይቅርብህ።

ድንጋይ የነካ ሁሉ ይቀየር እያልኩ አይደለም። ጠርዙ ላይ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ የተጎረደ፣ ያልታጠፈ፣ የማይንቀጠቀጥ ከሆነ በሞረድ አለስልሰህ ንዳው። የእኔ ፕሮፔለር ላይ እንዲህ ያለ ጉርድ አራት አምስት ቦታ አለ። ያንተ ግን ታጥፏል፣ ይንቀጠቀጣልም። በእኔ ሚዛን ይህ የሚለመድ አይደለም።

ከታች እንደ ዓሣ ክንፍ የወጣው ብረት ትንሽ ተፈንክቷል ብለህ ነበር። እሱን በሞረድ አስተካክለህ ተወው። አይሽከረከርም።

ስትገዛ አሮጌው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ዝም ብለህ አትገልብጥ። አንደኛው ቁጥር የፕሮፔለሩ ስፋት ነው። ሁለተኛው፣ ለምሳሌ 13 ካለ፣ ሳይንሸራተት በአንድ ዙር 13 ኢንች ወደፊት ይሄዳል ማለት ነው። ጣና ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ያንተ 40 እዚህ ወደ 33 ገደማ ነው ማለት ነው። የባሕር ጠረፍ ላይ የሚስማማው ፕሮፔለር እዚህ ለጫነ ጀልባ ይከብደዋል።

ስለዚህ ዙር የሚቆጥር መሣሪያ ተዋስ፣ ካንዴላው ገመድ ላይ የሚጠመጠመው ዓይነት ይበቃል። አዲሱን ስታስር እንደ ልማድህ ጭነህ ሙሉ ጋዝ ስጥ። የእኔ ባለ 40፣ ሁለት ስትሮኩ፣ በደቂቃ ከ4,500 እስከ 5,500 ዙር ነው የሚፈልገው። ያንተን መመሪያው ላይ እይ። ከዚያ በታች ከቀረ ሞተሩ እየተጨነቀ ነው። ከሁለተኛው ቁጥር አንድ ኢንች ዝቅ ባልክ ቁጥር ከ150 እስከ 200 ዙር ይጨምርልሃል። እኔ ከ13 ወደ 11 ከወረድኩ ወዲህ ጀልባው ተሳፋሪ ሞልቶም በቀላሉ ይነሳል።

አሮጌውን እንዳትጥለው። ጎማው ደህና ከሆነ ሹል ጠርዙን በሞረድ አለስልስና ከዳዶ መፍቻና ከአዲስ ኮፒሊያ ጋር ጀልባው ውስጥ አስቀምጠው። አንድ ቀን ሐይቁ መሐል ብትቀር በዝግታ ዳር ያደርስሃል። ኮፒሊያ ግን ሁልጊዜ አዲስ ይሁን፣ አንዴ የታጠፈውን መልሰህ አትጠቀም።

ዛሬ ማታ ሞተሩን ቀጥ አድርገህ አሳድረው። ጠዋት ብርጭቆው ውስጥ ምን እንዳገኘህ ጻፍልኝ። እስከዚያ ድረስ ሰው አትጫን።